የጥቁሯ ማኪና ሦስት ጣት

የሰደበኝ ዳኛው የሚባለው መካኒክ ነው። ቀኑ ሰኞ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1956 ዓ.ም.፤ ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ተኩል፤ ቦታው ጎንደር፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ የነበረው ጋራዥ። ብዙ ሰው የተሰደበበትን ቀን ይረሳል። እኔ ግን ማን እዚያ እንደነበረ፣ ማን እንደሳቀ፣ ማን ሳቁን በእጁ እንደሸፈነ ዛሬም አንድ በአንድ መናገር እችላለሁ።

ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ለማጅ ነበርኩ፤ ከአራተኛ ክፍል ትምህርቴን ጥዬ ከወገራ የመጣሁ። የፊታውራሪ ጥቁር ማኪና መሪዋ ይጫወታል ተብላ ገባች። ጨዋታ የሚሉት፣ መሪውን ስታዞረው ጎማው ሳይከተልህ መሪው ባዶውን የሚሄድባት ርቀት ናት። ባለሙያ በጣት ይለካታል። የጥቁሯ ማኪና ሦስት ጣት ነበር። ዳኛው ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ፣ እኔም ሥራ ማወቄን ላሳይ ብዬ ኮፋኖዋን ከፈትኩና የመሪው ሳጥን ላይ ያለችውን ቡሎን ጨዋታው ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ አጠበቅኋት። ዳኛው ተመልሶ ማኪናዋን ግቢው ውስጥ ሲያዞራት መሪው መታጠፉ መሀል ላይ ነከሰ። አልዞርም አለ። ማኪናዋ ሄዳ ከድንጋዩ አጥር ጋር ተላተመች።

ዳኛው ወረደና ቡሎኗን ያጠበቅሁበትን መፍቻ፣ ኪያቤውን፣ ከእጄ ነጠቀኝ።

«ይቺ እጅ ለማጭድ የተሠራች ናት» አለ። «ከአራተኛ ክፍል የመለሱህም ወደው አይደለም። ሂድ፣ አባትህን አጨዳ አግዝ።»

ከዚያ ወደ እኔ እንኳ ሳያይ ለቆሙት አስረዳ። ማኪና አብዛኛውን መንገድ ቀጥ ብላ ስለምትሄድ የመሪ ሳጥን የሚበላው መሀሉ ላይ ነው አለ። ዳር ዳሩ ገና እንደ አዲስ ነው። መሀሉን ልክ አደርጋለሁ ብሎ ያጠበቀ ሰው፣ ማኪናዋ ስትታጠፍ ዳሩ ላይ ይነክስበታል። እናም ይቺ ማኪና ከሦስት ጣቷ ጋር ትኑር፣ ማንም እንዳይነካት ብሎ ጨረሰ።

ይህን የሰማነው አራት ሰዎች ነን። ፊታውራሪ ነበሩ፤ ሳቁ፤ አሁን በሕይወት የሉም። ዘይት ቀያሪው አምባቸው ነበረ፤ እሱ እስኪያስለው ሳቀ። የጋራዡ ጸሐፊ ይባረክ ነበረ፤ አፉን በእጁ ሸፈነ። አራተኛው እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አምባቸው «አያ ጠበቅ» የሚል ስም አወጣልኝና በሳምንቱ ጋራዡን ትቼ ፖሊስ ተቀጠርኩ። ብዙ ዓመት ሐረርጌ ቆይቼ፣ ሃምሳ አለቃ ሆኜ በ1972 ወደ ጎንደር ተመለስኩ።

ይህን ሁሉ የማወራው ያቺው ማኪና ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ሰው ስለገደለች ነው።

*

የሞተው መለሰ ነው፤ የአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጎንደር ቅርንጫፍ ኃላፊ። እሑድ የካቲት 6 ቀን 1975 ጠዋት፣ ለገበሬ ማኅበር ስብሰባ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ብቻውን እየነዳ ሲሄድ፣ ኮሶዬ አፋፉ ላይ ካለው መታጠፊያ ገደል ገባ። የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ታምሜያለሁ ብሎ ቀርቶ ነበር። ሾፌሩ ያው አምባቸው ነው። ማኪናዋም ያቺው ናት፤ በ1967 ከፊታውራሪ ተወርሳ ለመሥሪያ ቤቱ ተሰጥታ ነበር። ግቢው ውስጥ ከእሷ የሚሻሉ ማኪኖች ሞልተዋል። መለሰ ግን በፊታውራሪ ማኪና ሲሄድ ሰው እንዲያየው ይወድ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ሻምበል ሀብተሥላሴ ሲጠራኝ ጥፋተኛው ተይዞ አድሯል። ሻምበሉ የተማረ ሰው ነው። እኔ የጻፍኩትን ወረቀት ለሌላ ሰው አስገልብጦ ነው የሚያነበው፤ «የአንተን ጽሕፈት ለማንበብ መነጽር መግዛት አለብኝ» ብሎኛል፣ በጥቅምት ወር፣ ሁለት አሥር አለቆች ባሉበት።

ነገሩ ያለቀ ነው አለኝ። ጎማውንና መሪውን የሚያገናኘው መጋጠሚያ፣ ቴስቲና የሚሉት፣ ወልቆ ተገኝቷል። ከሦስት ሳምንት በፊት አዲስ ቴስቲና የገጠመው ደግሞ ዳኛው የሚባል ሽማግሌ መካኒክ ነው። ሆን ብሎ ሳያጠብቅ ትቶታል። ይህ አሻጥር ነው፤ ለላይ ተነግሯል፤ ሐሙስ ጠዋት መጥተው ይወስዱታል።

«አንተ ቦታውን እይና ፋይሉን ዝጋልኝ» አለ።

በአሻጥር ስም የተወሰደ ሰው እንዴት እንደሚመለስ፣ ይመለስም እንደሆነ፣ ሻምበሉም እኔም እናውቃለን። አልዋሽም፤ ደስ አለኝ። ከቢሮው ስወጣ መንገዴ ባይሆንም በእስር ክፍሉ በኩል ዞርኩ። ዳኛው ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጠጉሩ ነጭ ሆኗል። ቀና ብሎ አየኝና መልሶ ወደ እግሩ ማየት ጀመረ።

*

ኮሶዬ ስደርስ ነፋሱ ኮፍያዬን ሊወስደው ይታገል ነበር። አደጋውን ያየ ገበሬ አለ ተብሎ አያ ሐብተ ማርያም የሚባሉ ሽማግሌ አመጡልኝ። እርሻቸው ከመታጠፊያው በላይ ነው።

ማኪናዋ ስትመጣ እያዩዋት ነበር አሉ። ፍጥነቷም የተለየ አልነበረም። መታጠፍ ጀመረች፤ ሸጋ አድርጋ ጀመረች። ከዚያ መሀል ላይ ተወችው።

«እንዴት ተወችው?» አልኳቸው።

«ገገመቻ። ወይፈን ቀንበር ላይ ሲገግም አላየህም? መታጠፉን ጀምሮ ከዚያ አንገቱን አላዞርም ይላል። እንደዚያ ነው የሆነችው። ሰውየው መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ሲታገል በመስኮቱ አየሁት።»

የጎማው ምልክት ጠጠሩ ላይ አልጠፋም። ተንበርክኬ አየሁት። መጋጠሚያው ወልቆ የሄደ ማኪና ጎማው የትም ይዞራል፤ ምልክቱ እንደ ሰካራም ይወላገዳል። ይህ ግን አልተወላገደም። መታጠፍ ይጀምርና ከዚያ ወዲያ ሳይጨምርም ሳይቀንስም፣ እንደ ደረቀ ቀስት በዚያው ልክ እየሄደ አፋፉን ያልፋል።

ገደሉ ውስጥ በገመድ ወረድኩ። ማኪናዋ በጽድ ግንድ ተይዛ በጎኗ ተጋድማለች። በመጀመሪያ ቴስቲናውን ፈለግሁ። ወልቋል የተባለው አልወለቀም፤ አንገቱ ላይ ተሰብሯል። ስብራቱ ያንጸባርቃል፤ ውስጡ የገባው አፈርም የገደሉ ቀይ አፈር ነው። ስለዚህ የተሰበረው ስትወድቅ ነው። ቴስቲናውን የሚያጠብቀው ብሎን፣ ዳዶው፣ በቦታው አለ። ዳዶው እንዳይፈታ የሚታሰርበት ሽቦም በቦታው አለ፣ ጫፉ ሁለት ጊዜ ተጠምዞ። ዳኛው ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ነበር የሚጠመዝዘው። ሌሎቹ አንድ ጊዜ ይጠመዝዛሉ።

ይህን ሳይ ደስታዬ ከሆዴ ወጥቶ ሄደ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ተናደድኩ።

ከዚያ በተሰበረው መስኮት በኩል ገባሁና መሪውን ያዝኩ። ከጎማው ስለተለያየ በነፃ መዞር ነበረበት። ወደ ቀኝ አዞርኩት፤ ያለ ምንም ጨዋታ፣ እንደ አዲስ ማኪና ታዘዘኝ። አንድ ዙር ሊሞላ ሲል ነከሰ። በሁለት እጄ ብጎትተው አልሄድ አለ። ወደ ግራ መለስኩት፤ መሀሉን አለፈና እዚያም በዚያው ልክ ነከሰ።

ያቺ ገደል ውስጥ፣ በጎኗ በተጋደመች ማኪና ውስጥ ሆኜ፣ ፊቴ እንደ ሃያ ዓመት ለማጅ ጋለ። ቡሎኗን ለማየት ኮፋኖዋን መክፈት አላስፈለገኝም። ቢሆንም ከፈትኩት። ዝገቷ ላይ አዲስ የኪያቤ ጭረት አለ።

*

የመሪውን ሳጥን ከነመሪው አስፈትቼ ወደ ጣቢያው ጋራዥ አስመጣሁና ጠረጴዛው ላይ ባለው መቆንጠጫ፣ በሞርሳ፣ አሠርኩት። ማክሰኞ ጠዋት ዳኛውን ከእስር ክፍሉ አስወጥቼ መሪው ፊት አቆምኩት።

«አያ ዳኛው፣ ይህን መሪ ያዙሩት» አልኩ።

ሽማግሌው ምንም ሳይጠይቅ ያዘው። ሦስት ጣት ባዶ የሚሄደውን ጨዋታ ጠብቆ ነበር፤ ሲያጣው ቅንድቡ ተነሣ። ከዚያ እየጎተተ ወሰደው፤ ነከሰበት። ለቀቀው። እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ይህን የሠራው ማጭድ ያዥ ነው» አለ። «አውቆ ካልሆነ ማጭድ ያዥ ነው።»

የሚጠብቀን አሥር አለቃ ሳቀ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ቃሉን ጻፍኩ። ዳኛው ዓይኔን አላየም፤ መሪውን ነበር የሚያየው። ይህን ቡሎን ነክተው ያውቃሉ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ማኪናዋን በእጄ ባስገባሁ ቁጥር አትንኳት እያልኩ ኖሬያለሁ አለ። አምባቸውም ያውቃል፣ አሁን የመለሰ መሥሪያ ቤት የስምሪት ኃላፊ የሆነው ይባረክም ያውቃል።

«ሌላስ ማን ያውቃል?» አልኩ።

«ሌላ ማን ያውቃል? ከጋራዡ ሰው የቀረን እኛው ነን።»

እኔን አልቆጠረኝም። አውቆ ይሁን ሳያውቅ ልለይ አልቻልኩም፤ መልሼ አስገባሁት። የዚያን ቀን ምሳዬን ቁሜ በላሁ። ግቢው ውስጥ ስመላለስ ሻምበሉ በመስኮት አይቶኝ፣ ምን ያቅበጠብጥሃል አለ። ፋይሉ አልተዘጋም ወይ አለ። ሐሙስ ሩቅ አይደለም አለ። እኔም ይህንኑ ነበር የማስበው። ሁለት ቀን ዝም ብል ዳኛው ይሄዳል፤ ማንም ምነው ዝም አልክ አይለኝም።

*

አምባቸውን ቤቱ አላገኘሁትም፤ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ያዝኩት። ሲያየኝ ሳቀ።

«አያ ጠበቅ! አሁን ደግሞ እኔን ልታጠብቅ መጣህ?»

«እሑድ የት ነበርክ?» አልኩት።

ታምሜ አልጋ ላይ ነበርኩ አለ። ምን አመመህ አልኩት፤ ሆዴን አለ። ጎረቤቱን ጠይቄ ነበር የመጣሁት፤ እሑድ ንጋት ላይ ከነሚስቱ ነጭ በነጭ ለብሰው ሲወጡ አይተዋቸዋል። ይህን ስነግረው ሳቁ ከፊቱ ላይ ተጠርጎ ሄደ። ክንዴን ይዞ ከበሩ ወደ ጥጉ ወሰደኝ።

«ተው ወንድሜ» አለኝ። «ለፓርቲ ኮሚሽኑ አባልነት ታጭቻለሁ። ከሰሙ ያበላሹብኛል።»

«ምን ከሰሙ?»

እሑድ ጠዋት ቁስቋም ነበርኩ አለ። ከሚስቱ ከብርቱካን ጋር ከአሥራ አምስት ዓመት ኑሮ በኋላ በቁርባን ሊጋቡ ተስማምተው፣ ለመሥሪያ ቤት ሰው ሳይናገሩ፣ ቅዳሴ አስቀድሰው ቆረቡ። ቅዳሜ ታምሜያለሁ ብሎ ፈቃድ ሲጠይቅ ይባረክ ምን ሆነህ ነው እንኳ ሳይል ፈርሞለታል። ሁልጊዜ እንዲያ አይደለም፤ የግማሽ ቀን ፈቃድ ለመስጠት ሦስት ቀን ያመላልሳል። ወዲያው ወደ ቁስቋም ወጣሁና ቄሱን ጠየቅሁ፤ እውነት ነው።

ሆኖም አምባቸውን ወደ ጣቢያው ወስጄ መሪውን አስያዝኩት። ስምንት ዓመት የነዳት ማኪና ናት። እጁ ገና ሲያርፍ ሦስት ጣት ወደ ቀኝ፣ ሦስት ጣት ወደ ግራ መወዛወዝ ጀመረ፤ አስቦበት አይደለም፤ እጁ ለምዶ ነው። ከዚያ ቆመ።

«ምነው? ጨዋታዋ የት ሄደ?»

ማዞሩን ቀጠለ፤ ነከሰበት፤ በኃይል ጎተተው፤ ትከሻውን አሳመመው። ወደ ቀኝም ወደ ግራም እስከ ጥግ ሞከረ። ከዚያ ፊቱ አመድ መሰለና መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ነበርኩ የምነዳት» አለ። «ቁስቋም ባልሄድ እኔ ነበርኩ።»

እኔ ግን ስለሌላ ነገር አስብ ነበር። መሪ የተሰጠው ሰው ሁሉ እስከ መጨረሻው ያዞረዋል። ዳኛው አዞረ። አምባቸው አዞረ። እኔም ገደሉ ውስጥ አዞርኩ።

*

የመለሰ ሚስት የወይንሸት ቤታቸው በደባርቅ መንገድ ዳር ነው። ረቡዕ ጠዋት ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው ሳይበዛ ሄድኩ። ነፍስ ይማር ብዬ ተቀመጥኩና ማኪናዋ እንዴት እዚህ እንደመጣች ጠየቅኋቸው።

ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይባረክ ራሱ አመጣት አሉ። ደግ ሰው ነው፤ ነገ ሾፌር ስለሌለ ብሎ ነው ያመጣት። አፍንጫዋን ወደ መንገዱ አዙሮ አቆማት። አምባቸው ግን ሁልጊዜ ወደ አጥሩ አዙሮ ነበር የሚያቆማት።

«ሲያቆማት ምን አደረገ?» አልኩ።

«ኮፋኖዋን ከፍቶ ውኃ አየሁላችሁ አለ። ትንሽ ቆየ፤ ገብቶም መሪዋን ግራና ቀኝ ሞከረ። እጁን ለመታጠብ ውኃ ሰጠሁት።»

ውኃ ለማየት እጅ አይቆሽሽም። ይህን አልነገርኳቸውም። እሑድ ጠዋት ባለቤታቸው ሲወጣ ምን አለ ብዬ ጠየቅሁ። ወይንሸት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ከመስኮቱ ራሱን አውጥቶ፣ ዛሬ መሪዋ እንዴት ሸጋ ሆኗል አለኝ። እየሳቀ ነው የሄደው።»

ከዚያ ቤት እስከ ኮሶዬ ያለውን መንገድ በሐሳቤ ተጓዝኩት። በሩ ወደ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ማዞር የለም። ወለቃን ማለፍ አለ፤ እዚያም ያለው መታጠፊያ ለስላሳ ነው። መሪውን ከአንድ ዙር በላይ የሚያስጠመዝዘው የመጀመሪያው መታጠፊያ ኮሶዬ አፋፉ ላይ ነው። ይህን መንገድ የሚያውቅ ሰው ማኪናዋን ተሸክሞ ገደሉ አፍ ላይ እንዳስቀመጣት ነው የሚቆጠረው።

*

ይባረክን የጠራሁት ለምስክርነት ብዬ ነው። ሱፉን ለብሶ፣ ቦርሳውን ይዞ መጣ። ከጋራዥ ጸሐፊነት ጀምሮ እንዲህ ንጹሕ ሰው ነበር። ቃሉንም ሳልጠይቀው ሰጠ፤ ዳኛው አርጅቷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሆን ብሎ ባይሆን እንኳ ቴስቲናውን ሳያጠብቅ ቀርቶ ይሆናል አለ። ያሳዝናል አለ።

«ይህን መሪ እየው እስቲ» አልኩት። «ከገደሉ ያወጣሁት ነው። ጨዋታ አለው ወይ?»

ቦርሳውን አስቀምጦ ያዘው። ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ አደረገው። ግማሽ ዙር አልሞላም።

«ምንም የለውም። ልክ ነው።»

«እስከ መጨረሻው አዙረው።»

«ምን ያደርጋል? ልክ መሆኑ ታየ።»

«አዙረው።»

አሁንም ወደ ቀኝ ወሰደው፤ ከመንከሻው አራት ጣት ሲቀረው እጁ ራሱ ቆመ። መለሰው። ወደ ግራ ወሰደው፤ እዚያም አራት ጣት ሲቀረው ቆመ። መሪው ገና አልነከሰም ነበር። እሱ ግን የት እንደሚነክስ ያውቃል።

ግንባሩ ላይ ላብ ፈሰሰ።

«አምባቸው ጎተተው» አልኩ። «ዳኛውም ጎተተው። አንተ ምነው እዚያ ላይ አቆምክ?»

መሪውን እንደያዘ ቆየ። እጁን ቢለቅ የሚወድቅ ይመስል ነበር። ከዚያ በቀስታ ወደ ቀኝ አዞረው፤ ነከሰ። ነክሶም ቆመ። ይባረክም ተቀመጠ።

ቃሉን መስጠት የጀመረው ከማኪናዋ አይደለም።

«ማክሰኞ፣ ኅዳር 14» አለ። «የውይይት ክበብ ቀን ነው። መለሰ ግለ ሂስ አቅርብ አለኝ። ለፊታውራሪ ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ አልኩ፤ ይህን ማን አያውቅም? አልበቃውም። ሠላሳ አራት ሰው ይዞ ወደ ግቢው ወጣ። ጥቁሯ ማኪና እዚያ ቆማለች። ለፊታውራሪ በሩን እንዴት ትከፍትላቸው እንደነበር አሳየን አለኝ።»

«አሳየህ?»

«ከፈትኩ። ጎንበስ በል አለኝ፤ ጎነበስኩ። ገብቶ ተቀመጠ። ዝጋ አለኝ። ወረደና ደግመህ አሳየን፣ ከኋላ የቆሙት አላዩም አለ።»

ሁሉም ሳቁ አለ። ስማቸውን አንድ በአንድ ነገረኝ፤ ማን እንደሳቀ፣ ማን መሬት መሬት እንዳየ። እኔ እጽፍ ነበር። የማያስፈልገኝን ነገር ጠየቅሁት።

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ዘጠኝ ከሩብ» አለ ወዲያው።

ብዕሬ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ይባረክ ቀና ብሎ አየኝ። በጋራዡ ዘመን አፉን በእጁ የሸፈነበትን ቀን እሱም ያስታውስ ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ አልጠየቅሁትም። አምባቸው ፈቃድ ሲጠይቅ ቀኑ መጣልኝ አለ። አምባቸው እንዲሞት አልፈልግም ነበር አለ። ዳኛው ይታሰራል ብዬ አላሰብኩም አለ፤ ከታሰረ በኋላስ ምነው ዝም አልክ ስለው ቦርሳውን ወደ ራሱ ሳበ።

*

ሻምበሉ ፋይሉን ሲያነብ ፊቱ ጠቆረ። የዳኛው ስም ወደ ላይ ሄዷል አለ። ተሳስተናል ብለን እንዴት እንጽፋለን አለ። የይባረክን ቃል አስፈራርተህ ነው የወሰድከው ቢሉን ምን እንመልሳለን አለ።

«ደግሞስ ይህ ሁሉ የቆመው በአንዲት ቡሎን ላይ ነው» አለ። «ቡሎን ማጥበቅ ሰው ይገድላል ብሎ ማን ያምነናል? አንተ ራስህ ከየት አወቅህ?»

ለዚያ መልሱ አንድ ብቻ ነበር። ከሰማሁት ብል አይበቃም፤ ከመጽሐፍ ብል ያነበብኩት መጽሐፍ የለም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ እሱ ፊት ተቀምጬ፣ ለማንም ሳላስገለብጥ በራሴ እጅ ጻፍኩ። ሚያዝያ 12 ቀን 1956 ዓ.ም. እኔ ሃምሳ አለቃ ተክለ ጊዮርጊስ፣ በዚያን ጊዜ የመካኒክ ለማጅ ሳለሁ፣ ይህችኑ ቡሎን በዚህችው ማኪና ላይ ባለማወቅ አጥብቄ መሪው ነክሶ ከአጥር ጋር ተላትማለች፤ ይህንንም አምባቸውና ይባረክ በዓይናቸው አይተዋል። መካኒኩ ዳኛውም በዚያኑ ጊዜ ስህተቴን በሰው ፊት ገልጦ አስረድቷል። ፈረምኩ።

ሻምበሉ አነበበው። ያለ መነጽር አነበበው። አንድ ጊዜ ከንፈሩን ያዝ አደረገና፣ ሳቅ ይሁን ሌላ አላውቅም፣ ማኅተሙን አነሣ።

*

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አረንጓዴ ጂፕ መጣ። ይባረክን አወጡት። ከወታደሮቹ አንዱ በሩን ክፈት አለው። ይባረክ እጁ ታስሯል፤ በሁለት እጁ እጀታውን ያዘና ራሱ ከፈተው፤ ሳይጎነብስ ገባ።

ዳኛውን በእኔ ፊርማ ነው ያስወጣሁት። ቀበቶውንና የጫማውን ክር መልሼ ሰጠሁት። በር ላይ ቆሞ ክሩን ለመክተት ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ይባረክ በዚህ እንኳ አልዋሸም፤ የሽማግሌው እጅ ይንቀጠቀጣል።

ጨርሶ ቀና አለ። ሻምበሉ፣ ያዳነህ ይህ ሃምሳ አለቃ ነው፣ መሪው ላይ ያለውን ነገር ያገኘው እሱ ነው ብሎት ነበር። ዳኛው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ፤ እንደ አዲስ ሰው አየኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰውየው አያውቀኝም። በእጁ ስንት ለማጅ አልፏል፤ ስንቱን ሂድ አጨዳ አግዝ ብሎ አባሯል። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየምሽቱ በልቤ ለስድቡ መልስ የሰጠሁት ሰው፣ አንድም ቀን መልሴን አልሰማም ነበር።

እጄን ያዘ። ገልብጦ መዳፌን አየ፣ መካኒክ እንደሚያየው።

«ሸጋ እጅ ነው ያለህ» አለ። «ፖሊስ ቤት ይባክናል እንጂ። እንዲህ ያለውን ነገር ብዙ መካኒክ አያውቀውም።»

እጄን አልለቀቀም።

«ለመሆኑ ማን ጋ ነው የተማርኸው?»

እጄን ከእጁ አወጣሁ። ኮፍያዬን አደረግሁና ግቢውን አቋርጬ ሄድኩ። ከኋላዬ አንድ ጊዜ ደግሞ ጠየቀኝ፤ ድምፁ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር፤ ምንም ስድብ አልነበረበትም። አልዞርኩም።